ከኤቨረስት ግርጌ ወደ ኋላ መቁጠር

ጠረጴዛዋ ላይ ኮምፒውተር አለ፤ ሥራዋን የምትጀምረው ግን በእርሳስና በስኩዌር ደብተር ነው። አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትሠራው የጉዞ ወኪል «ኔፓል መሄድ እፈልጋለሁ» የሚል ደንበኛ ሲመጣላት ደብተሯን ትገልጥና ሦስት መስመር ታሰምራለች። የላይኛው መስመር የኢትዮጵያ ቀን ይጻፍበታል፤ መካከለኛው የፈረንጅ፤ የታችኛው የኔፓል። ኔፓልም እንደ እኛ የራሷ ዘመን አቆጣጠር አላት። ቢክራም ሳምባት ይባላል፤ አዲስ ዓመቱ የሚብተው በእኛ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። እኛ 2018 ዓ.ም. ብለን ጥቅምትን ስንቀበል ካትማንዱ ያለ የመንግሥት ቢሮ ደብዳቤው ላይ 2082 ብሎ ይጽፋል። ሰዓቱም ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል። ያቺ 45 ደቂቃ ስንቱን መንገደኛ ከአውሮፕላን እንዳስቀረች የሚያውቅ ባለሙያ ሦስቱን መስመር ሳያሰምር ሥራ አይጀምርም።

ደንበኛው አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ቀኑን ወስኖ ነው የሚመጣው። የዓመት ፈቃዱ የሚጀምርበትን ቀን፣ ቲኬት የረከሰበትን ሳምንት ይነግራታል። እሷ የምትጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ «ተራራውን ማየት የሚፈልጉት በየትኛው ቀን ጠዋት ነው?» ያን ቀን በደብተሩ የቀኝ ጠርዝ አጠገብ ታስቀምጠውና ከዚያ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ ትቆጥራለች። መነሻው የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው።

ነሐሴ ውስጥ ቢሮዋ የመጣ አንድ መምህር ነበር። እህቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ልጆች ሳሉ አባታቸው በሬዲዮ የሰማውን የኤቨረስት ወሬ ማታ ማታ ይነግራቸው ነበርና ሃምሳኛ ዓመቷን እዚያ እናክብር ተባብለዋል። መምህሩ ቀኑን ጭምር ይዞ ነበር የመጣው፤ መስቀል በዋለ ማግስት። «መስቀል ከዋለ ዝናቡ አለቀ አይደል፣ እህቴ?» አላት።

ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። የእኛ ክረምትና የደቡብ እስያ ሞንሱን ዘመዳሞች ናቸው። በእኛ ክረምት ወራት የቲቤት አምባ በፀሐይ ሲግል፣ ከፍ ባለው ሰማይ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ይነሳል፤ ይህ ነፋስ ሕንድን አልፎ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ይዘልቃል። ኤል ኒኞ ሲመጣ ወሎ ላይ ዝናብ እንደሚያጥረው ሕንድም ላይ የሚያጥረው በዚህ ዝምድና የተነሳ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ የኔፓልን ወቅት በቀላሉ ይገባዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ እዚያም ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ልዩነቱ ጫፉ ላይ ነው። ሞንሱን ኔፓል የሚገባው በአማካይ ሰኔ 6 አካባቢ ነው፤ የሚወጣው ደግሞ መስከረም 22 አካባቢ። የእኛ ሰው ችቦ ለኩሶ ክረምቱን ሲሸኝ እዚያ ዝናቡ ገና አልወጣም።

ባለሙያዋ ለመምህሩ የነገረችው የ2017 ዓ.ም.ን መስቀል ነው። ከመስከረም 16 እስከ 18 በካትማንዱ ሸለቆና በዙሪያው ያለማቋረጥ ዘነበ። ባግማቲ ወንዝ ከግንቡ ወጣ፤ ወደ ዋና ከተማዋ የሚያስገቡ መንገዶች በናዳ ተዘጉ፤ በአገሪቱ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቢ ፒ የሚባለው አውራ ጎዳና በሮሺ ወንዝ ዳር ብዙ ቦታ ላይ ተቆርጦ ተወሰደ። ይህን መንገድ ስም ጠርታ የምታነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ እንደሚታየው ወደ ኤቨረስት የሚሄድ ሰው በሰው በተጨናነቀው ወቅት የሚያልፍበት መንገድ እሱ ነው። «ከመስቀል በኋላ ሦስት ሳምንት ይጨምሩ» አለችው፤ ተራራው ለሚታይበት ጠዋት ደግሞ እርሳሷን ጥቅምት 21 ላይ አሳረፈች።

ጥቅምት አጋማሽና ኅዳር የኔፓል ምርጥ ጊዜ ናቸው። ዝናቡ አቧራውን አጥቦት ይሄዳል፤ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። እንዲህም ሆኖ ሰማይ ዋስ አይሆንም። ጥቅምት 4 ቀን 2007 ዓ.ም. በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ በኩል የመጣው ሁድሁድ የተባለ አውሎ ነፋስ ቅሪቱን ይዞ ሂማላያ ደረሰና አናፑርና ተራሮች ላይ ድንገተኛ የበረዶ ማዕበል አወረደ። ቶሮንግ ላ የሚባለውን 5,416 ሜትር ከፍታ ያለውን በር ያቋርጡ የነበሩ መንገደኞችና አስጎብኚዎች እዚያው ተያዙ፤ በአካባቢው ቢያንስ 43 ሰው ሞተ። ወቅቱ ከወቅቶች ሁሉ የተመረጠው ነበር። አውሎ ነፋሱ ሕንድ ጠረፍ ላይ ያረፈው ከሁለት ቀን በፊት ስለሆነ ዜናው ተሰምቷል፤ ብዙ ሰው ግን ፕሮግራሙ ውስጥ የሚያርፍበት ትርፍ ቀን አልነበረውም። ባለሙያዋ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል። በእሷ እምነት ቀን አጣብቆ የሚሠራ የጉዞ ፕሮግራም ጥፋት ነው፤ የጉዞ ወኪል ለደንበኛው ገንዘብ ለማዳን ሲል መጠባበቂያ ቀን ሲቆርጥ የሚቆርጠው ሌላ ነገር ነው።

ሁሉም ሰው ግን በጥቅምት ፈቃድ አያገኝም። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የሚመቻቸው ገና ወይም ፋሲካ ነው፤ ለእነሱም መንገድ አለ። በገና ሰሞን ሰማዩ ንጹሕ፣ መንገዱ ጭር ያለ፣ ቅዝቃዜው ግን ብርቱ ነው፤ ከፍ ያሉት ማረፊያዎች አንዳንዶቹ ይዘጋሉ። በዚያ ጊዜ ከፖክሃራ ከተማ ተነስቶ ጎሬፓኒን አልፎ ፑን ሂል የተባለውን 3,210 ሜትር ኮረብታ የሚወጣ የአራትና የአምስት ቀን የእግር ጉዞ ይበቃል፤ ዳውላጊሪና አናፑርና ከዚያ ላይ በፀሐይ መውጫ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ላሊጉራስ የሚባለው ቀይ አበባ የሚያብብበት ነው፤ ተራራው ከወገቡ በታች ቀይ ይለብሳል። ከሰዓት በኋላ ደመናና ጭጋግ ይኖራል፤ ሜዳው ላይ ከሚቃጠለው ጭድና ደን የሚነሳ ጭስም እይታውን ያደበዝዛል። ለጿሚ ግን ይህ ወቅት በረከት አለው። በዐቢይ ጾም የተጓዙ ደንበኞቿ ምግብ አጣን ብለው አያውቁም፤ የአገሬው ዋና ምግብ ዳል ባት ነው፤ ሩዝ፣ የምስር ወጥ፣ አትክልትና ቅመም። «ቅቤ አታድርጉበት» ማለትን ብቻ መልመድ ነው፤ ቅቤው ጊዩ ይባላል።

ሐምሌና ነሐሴ ብቻ የሚመቸው ሰው ቢመጣስ? ያንም አትመልሰውም። ላይኛው ሙስታንግና ዶልፖ ከታላላቆቹ ተራሮች ጀርባ ናቸው፤ ዝናቡ ወዲህኛው ገጽ ላይ ወርዶ ስለሚያልቅ እነሱ ደረቅ ሆነው ይከርማሉ። ሁለቱም ግን ልዩ ፈቃድ የሚጠይቁ ክልሎች ናቸው፤ ዋጋቸው ከሌላው ይከብዳል፤ ያለ ተመዘገበ ድርጅትና ያለ መሪም አይገባባቸውም።

ቀኑ ከተገኘ በኋላ ወረቀቱ ይመጣል፤ የወንድምና የእህት መንገድ የሚለያየውም እዚህ ላይ ነው።

እህቲቱ አሜሪካዊ ፓስፖርት አላት። ካትማንዱ፣ ትሪቡቫን ኤርፖርት ስትደርስ ቅጽ ሞልታ፣ ከፍላ፣ ቪዛዋን እዚያው ትቀበላለች፤ ለ15 ቀን 30 ዶላር፣ ለ30 ቀን 50፣ ለ90 ቀን 125። ወንድሟ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ነው የያዘው። ኔፓል ለአብዛኛው ዓለም ኤርፖርት ላይ ቪዛ ስትሰጥ የማትሰጣቸው ጥቂት አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ፣ ጋና፣ ካሜሩን፣ ሶማሊያ፣ ላይቤሪያ፣ ዚምባብዌና ሌሎች ጋር ዝርዝሩ ውስጥ ናት። ኢትዮጵያዊ ቪዛውን ከኔፓል ኤምባሲ አስቀድሞ ማግኘት አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ የኔፓል ኤምባሲ የለም። ካይሮ አለ፤ ኒው ዴልሂ አለ፤ አቡዳቢ፣ ዶሃና ሪያድም አለ፤ ስለዚህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በመኖሪያ ፈቃድ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳያቸውን በሚኖሩበት አገር ሊጨርሱ ይችላሉ። አዲስ አበባ ያለው ግን ፓስፖርቱ ርቆ ሄዶ እስኪመለስ ሳምንታት መቁጠር አለበት። በይነ መረብ ላይ «ኔፓል ለሁሉም ክፍት ናት» የሚል ጽሑፍ አንብቦ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ ቦሌ ላይ የተመለሰ ሰው እሷ ዘንድ መጥቷል። አየር መንገዱ ቪዛ የሌለውን አያሳፍርም፤ ተመላሽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ የአጓጓዡ ነውና።

እዚህ ላይ እርስ በርሱ የሚጠባበቅ ነገር አለ። ኤምባሲው የጉዞ ፕሮግራምና የበረራ ቡኪንግ ማየት ይፈልጋል። ባንኩ የጉዞ ዶላር ለመሸጥ ቪዛና ቲኬት ይጠይቃል። አስጎብኚ ድርጅቱ ቀብድ ካልተላከለት የኤቨረስት የእግር ጉዞ ወደሚጀመርበት ወደ ሉክላ የሚወስደውን በረራ አይዝም። ጀማሪ ወኪል ቲኬቱን ይቆርጥና ሌላውን ያሯሩጣል፤ ቪዛው ሲዘገይ የደንበኛው ገንዘብ ይቀልጣል። እሷ የምትከተለው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ያልተከፈለበት ቡኪንግ፣ ከዚያ ቪዛ፣ ከቪዛው በኋላ ቲኬት፣ ከቲኬቱ በኋላ ባንክ። ለዚህ ሁሉ ከመነሻው በፊት ሦስት ወር ትይዛለች። መምህሩን ጊዜው ቢጠብበትም ነሐሴ መጀመሪያ ላይ መምጣቱ አዳነው፤ መስከረም ላይ ቢመጣ ኖሮ ወደ መጋቢት ታሸጋግረው ነበር።

አንዲት ትንሽ ቢጫ ደብተርም አለች። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ትመደባለች፤ ኔፓልም ሕንድም ከእነዚህ አገሮች የሚመጣን ሰው የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከጸና በኋላ ግን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ወዲህ የዕድሜ ልክ ነው፤ የድሮ ካርድ ላይ አሥር ዓመት ቢልም አያስቸግርም። በዴልሂ በኩል ለሚሄድ ሰው ይህ ከቪዛ እኩል ይከብዳል፤ ሕንድ ካርድ የሌለውን እስከ ስድስት ቀን ለይታ ታቆያለች። ዴልሂ ሌላም ወጥመድ አላት። ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት የያዘ ሰው ከመተላለፊያው ሳይወጣ ይቀጥላል፤ በሁለት የተለያየ ቲኬት የገዛ ግን ሻንጣውን ለመቀበል ኢሚግሬሽን ማለፍ ስላለበት የሕንድ ቪዛ ያስፈልገዋል። ርካሽ ቲኬት የሚመስለው ብዙ ጊዜ ይህን የደበቀ ነው። መምህሩን በአንድ ቲኬት፣ በባሕረ ሰላጤው በኩል ላከችው።

ለእህቲቱ የላከችው ምክር አንድ ብቻ ነበር። «እዚያ ሲደርሱ 15 ቀን የሚለውን እንዳይመርጡ፤ 50 ዶላሩን ይክፈሉ።» ምክንያቱ ደብተሩ ላይ አለ። ጥቅምት 10 ካትማንዱ መግቢያ፣ ጥቅምት 27 መውጫ፤ አሥራ ስምንት ቀን ነው። ሃያ ዶላር ለማዳን የ15 ቀኑን የሚገዛ ሰው ተራራ ላይ ሳለ ቪዛው ይቃጠልበታል።

የተራራው ፈቃድ ከቪዛው የተለየ ነው። ወደ ኤቨረስት የሚያስገባው የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ ከውጭ ዜጋ 3,000 ሩፒ ያስከፍላል፤ የአካባቢው የኩምቡ ፓሳንግ ላሙ ገጠር ማዘጋጃ ቤት ደግሞ የራሱን ክፍያ ይወስዳል። የአናፑርና ጥበቃ ክልልም 3,000 ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2023 ጀምሮ መንግሥት የውጭ ዜጋ ፈቃድ ያለው መሪ ሳይዝ በእግር እንዳይጓዝ አውጇል፤ የኩምቡ አስተዳደር ግን ደንቡን አልተቀበለም። እሷ ደንቡ ቢኖርም ባይኖርም ሰው ብቻውን አትልክም። መሪው ቋንቋና መንገድ ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ራስ ምታት ያመመውን ሰው ፊት አይቶ «ዛሬ አንወጣም» የሚል እሱ ነው። ዳሻይንና ቲሃር የተባሉት ታላላቅ በዓላት በመስከረምና በጥቅምት ስለሚውሉ በእነዚያ ቀናት ቢሮ ይዘጋል፤ መሪዎችና ተሸካሚዎችም ወደ ቤተሰባቸው ይሄዳሉ። በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ቀናቸው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ የደብተሩ ሦስተኛ መስመር ዋና ጥቅሙ ይሄ ነው።

የከፍታውን ጉዳይ ስታነሳ የአዲስ አበባ ሰው ልብ ያስቸግራታል። «እኛ ደገኞች ነን፤ ሰሜን ተራራን ወጥተናል» ይሏታል። እውነትም የደገኛ ደም ልዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት ሰሜን ተራራ ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደማቸው ሄሞግሎቢንም የኦክስጅን መጠናቸውም ባሕር ጠለል ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ እንደተገኘ አሳይቷል፤ ከቲቤቶችም ከአንዲስ ሰዎችም የተለየ ነበር። ግን ያ እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። የቦሌ ነዋሪ በ2,300 ሜትር ገደማ ይተኛል፤ በኤቨረስት መንገድ ላይ ያለችው ናምቼ ባዛር 3,440 ሜትር ላይ ናት፤ የኤቨረስት ቤዝ ካምፕ 5,364፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ ከ800 ሜትር በላይ ይበልጣል። እዚያ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ግማሽ ያህል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ማደር ይገባል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህት ደግሞ ከባሕር ጠለል ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው የተነሳችው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚሠራው በእሷ ሳንባ ልክ ነው፤ ናምቼ ሁለት ሌሊት፣ ዲንግቦቼ ሁለት ሌሊት።

ቤዝ ካምፕ ራሱ የመጨረሻው ቦታ አይደለም። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ደርሶም የሚያዝንበት ነገር አለ፤ ከቤዝ ካምፕ ላይ ሆኖ የኤቨረስት ጫፍ አይታይም፤ ጎረቤቱ ኑፕሴና ትከሻው ይጋርዱታል። ጫፉ የሚታየው ከ5,500 ሜትር በላይ ካለችው ካላ ፓታር ከምትባል ጥቁር ኮረብታ ላይ ነው። ጥቅምት 21 ማለዳ ብላ የጻፈችው ይህን ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ስትቆጥር ሉክላ ላይ ማረፊያው ጥቅምት 13 ይሆናል።

የሉክላ አውሮፕላን ማረፊያ 527 ሜትር ርዝመት ያለው፣ አንድ ጫፉ ገደል፣ ሌላው ጫፉ የተራራ ግድግዳ የሆነ ዳገት ነው። ፓይለቱ መንደርደሪያውን በዓይኑ ካላየ አያርፍም። ጠዋት ይጠራል፤ ከረፋድ በኋላ ደመናና ነፋስ ይገባል። በተጨናነቀው ወቅት ከካትማንዱ የሚነሳው በረራ ስለማይበቃ አብዛኛው መንገደኛ ራሜቻፕ አውራጃ ውስጥ ካለው ከማንታሊ ማረፊያ ይነሳል፤ እዚያ ለመድረስ ከካትማንዱ በሌሊት ተነስቶ አራት አምስት ሰዓት በመኪና መሄድ ያስፈልጋል፤ መንገዱም ያው የመስቀሉ ጎርፍ የበላው ቢ ፒ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2011 ላይ በደመና ምክንያት ከ2,000 በላይ ሰው ሉክላ ውስጥ ለቀናት ታግዶ ቀርቷል። መጠባበቂያ ቀን የሚያስፈልገው ለሰማይ ብቻም አይደለም፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በካትማንዱ በተነሳው ተቃውሞ ትሪቡቫን ኤርፖርት ተዘግቶ በማግስቱ ነው የተከፈተው።

ስለዚህ በደብተሩ ላይ ጥቅምት 24 ከሉክላ መውጫ ተጻፈ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ባዶ ቀሩ፤ ዓለም አቀፉ በረራ ጥቅምት 27 ሆነ። መምህሩ ባዶዎቹን እያየ «እዚህስ ምን እንሠራለን?» አለ። «ምናልባት ምንም» አለችው።

ጥቅምት 24 ጠዋት ስልኳ ላይ ከሉክላ ፎቶ መጣ። ወንድምና እህት በወፍራም ጃኬት ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይዘዋል፤ ከኋላቸው ማኮብኮቢያው አይታይም፤ ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ደብተሯን ገለጠችና በመጀመሪያው ባዶ ሳጥን ላይ የመስቀል ምልክት አደረገች። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ፎቶ መጣ፤ ማንታሊ አርፈዋል፤ ካትማንዱ ማታ ይገባሉ። ሁለተኛው ሳጥን ሳይነካ ቀረ። በዚያ ቀን ቡድሃናት ሄደው ስቱፓ የሚባለውን ትልቅ ነጭ የቡድሂስት መቅደስ በእግራቸው ሲዞሩ፣ ለእናታቸው የሚሆን ነጠላ የሚመስል ሻርፕ ሲመርጡ ዋሉ።